ፊትሽን አዙሪ

ወንድሜ ሰይድ ሐይቃችን ላይ እንግዶችን በሞተር ጀልባ ያዝናናል። ባለፈው እሑድ ከእንግዶቹ ጋር እኔንም ጫነኝ። መሀል ስንደርስ በእጁ የያዘው ጂፒኤስ ጢጥ አለ።

"አባባ ዓሣ ያጠምድበት የነበረው ቦታ ይህ ነው፤ መዝግቤበታለሁ" አላቸው።

ልጆች ሳለን አባባ፣ አላህ ይዘንለትና፣ እዚህ በታንኳ ያመጣን ነበር። ታንኳው እርጥብ ደንገል ደንገል ይሸታል። ቦታውን የሚለየው በሐይቁ ዳር ያሉትን የገዳሙን ዛፎች ከአምባሰል ተራራ ጫፎች ጋር በአንድ መስመር አስተያይቶ ነው። የትኛው ዛፍ ከየትኛው ጫፍ ጋር እንደሚገጥም ግን የቤት ምስጢር ነበር።

"ፊትሽን አዙሪ" ይለኛል። ከጀርባዬ ለሰይድ ሲያንሾካሹክለት እሰማለሁ፤ ቃሉ አይለይም።

አንድ ቀን "ለእኔስ?" አልሁት።

"አንችማ ነገ ትዳሪያለሽ፤ የሰው ነሽ፣ ልጄ" አለኝ ራሴን እየዳበሰ።

የማን እንደሆንሁ አልገባኝም። የእሱ መስሎኝ ነበር።

አሁን ሰይድ ጂፒኤሱን ለእንግዶቹ ሰጣቸው። ጠዋት የተዋወቃቸው ሰዎች የአባባን ቦታ እየተቀባበሉ ያያሉ።

"እህቴ፣ አንቺ አታዪም?" አለችኝ አንዷ።

ጀርባዬን ሰጥቼ መቀመጤን ያወቅሁት ያኔ ነው። ፊትሽን አዙሪ ያለኝ ግን ማንም አልነበረም።