እትዬ አናሴ እና ከኋላ የሚመጣው ኮቴ

እትዬ አናሴ በምዕራብ ሲድኒ፣ በዊንዳራ ራግቢ ክለብ የተጫዋች ቁርጭምጭሚት መጠቅለል የጀመሩት በንዴት ነው። የወንድማቸው ልጅ ሎፔቲ ገና ታዳጊ ሳለ አንድ ቅዳሜ ሲጫወት፣ ያኔ የክለቡ ፋሻ ጠቅላይ የነበረው ሰውዬ ከጠጣው ቢራ ጋር እየታገለ ያሰረለት ፋሻ ተፈትቶ እንደ ጅራት ከኋላው ይጎተት ጀመር። ሕዝቡ ሳቀ። እትዬ አናሴ አጥሩን ተሻግረው (ተሻግረው ስል ግማሹን አጥር ይዘው ማለቴ ነው) ልጁን ሣሩ ላይ አስቀምጠው እንደ አዲስ ጠቀለሉት። ከዚያ ወዲያ ያ ሰውዬ በዚያ ክፍል አልታየም፤ እሳቸውንም ውጡ ለማለት የደፈረ የለም። ተጫዋቾቹ «ጠቅላይ ሚኒስትራችን» ይሏቸው ነበር።

እንጀራቸው ግን ሆስፒታል ነበር፣ ልብስ እጥበት ክፍል። እርጥብ አንሶላና ፎጣ ሲያወጡ ሲያስገቡ ክንዳቸው የሰው ጭን አክሏል። ባልም ነበራቸው፤ ባልየው ኒውዚላንድ ያለ ዘመዴን ልጠይቅ ብሎ ሄዶ እስከ ዛሬ እየጠየቀ ነው። ወንድማቸው ሴሚሲ፣ የሎፔቲ አባት፣ ልጁን ትቶላቸው የሞተው መጋዘን ውስጥ ነው። ወደ ኋላ የሚነዳ የዕቃ ማንሻ መኪና፣ ፎርክሊፍት፣ ከጀርባው መጣበት። ድምፁን ሰምቷል አሉ፤ የሥራ ባልደረባዬ ነው ብሎ አልዞረም። እትዬ አናሴ ይህን ታሪክ ሲያሳጥሩት፣ «ወንድሜን የገደለው አለመዞሩ ነው» ብለው ነው።

ከፓስፊክ ደሴቶች በመጣነው በእኛ በቶንጋዎቹ ቤት የአባት እህት ከአባትም በላይ ናት። እሷ እንቢ ያለችው ነገር አለቀ። ስትናገር አትቋረጥም። የሆነ ነገር ስትሰጥህ በሁለት እጅህ፣ አንገትህን ሰበር አድርገህ ትቀበላለህ፤ እሷ ሳትዞር አንተ ጀርባህን አትሰጣትም። ፓስተራችን ራሱ የአባቱ እህት የመጣች እሁድ ስብከቱን ያሳጥራል። ስለዚህ ሎፔቲ አድጎ ደረቱ በር የሚሞላ፣ በምዕራብ ሲድኒ ሕፃን ሁሉ ስሙን የሚጠራው የራግቢ ኮከብ ከሆነ በኋላም፣ እቤት ሲገባ እንደ ተማሪ ነበር የሚቆመው።

እኛ ሰፈር ኳስ ከተባለ ራግቢ ነው። በራግቢ ኳስ ወደ ፊት መወርወር ክልክል ስለሆነ ወገን ሁሉ ከኋላህ ነው የሚሮጠው፤ ሊሰብርህ የሚመጣው ከፊትህ ይመጣል፣ ዓይን ለዓይን ትተያያላችሁ። ከኋላህ ኮቴ ከሰማህ ወንድምህ ነው። ሳታየው ኳሱን ወደ ኋላ ትለቅለታለህ። ሎፔቲን ኮከብ ያደረገውም ይኸው ነበር፤ አንገቱን ሳያዞር፣ ኮቴ ብቻ ሰምቶ፣ ኳሷን የሰው እቅፍ ውስጥ ያስቀምጣታል።

ሜልቦርኖች ደግሞ ሌላ ኳስ አላቸው። ሜዳው እንደ እንቁላል ክብ ቢጤ፣ ኳሱ ሰማይ ለሰማይ የሚሄድ፣ ሰው ከአራቱም ማዕዘን የሚመጣበት። እኛ የሰማይ ፒንግፖንግ እንለዋለን። እነሱ ይህን ጨዋታ ወደ እኛ ሰፈር ሊያመጡ አዲስ ክለብ አቋቋሙ። የሚያይላቸው ግን ጠፋ። እና አንድ ማክሰኞ ማታ፣ ልምምድ እንዳለቀ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ ሰውዬ መጠቅለያ ክፍሉ ድረስ መጣ። ሃርግሬቭ ይባላል፤ ሥራው ተጫዋች ማስኮብለል ነው።

የእኛ ክለብ ሊቀመንበር ዴስ፣ ባለ ሉካንዳው፣ በሩ ላይ ቆሞ እጁን አጣጥፎ ነበር።

«ሰውዬ፣ ስትስቱ ነጥብ የሚሰጣችሁ እናንተ አይደላችሁ?» አለው።

«ለጥቂት ለሳተ አንድ ነጥብ ብቻ ነው» አለ ሃርግሬቭ እየሳቀ። «ጎሉ ስድስት ነው።»

«ሚስቴ እንዲህ ብትቆጥርልኝ ይሄኔ ዋንጫ በልቻለሁ።»

ክፍሉ ሳቀ። ሃርግሬቭም አብሮ ሳቀና ወደ ሎፔቲ ዞረ። «መጫወቱን ቀስ ብለን እናስተምርሃለን። እኛ የምንፈልገው ፊትህን ነው። ያንተ ፊት ያለበት ቦታ የዚህ ሰፈር ልጅ ሁሉ ይመጣል።»

እትዬ አናሴ ተንበርክከው የአንዱን ተጫዋች እግር ይጠቀልሉ ነበር። ቀና አላሉም።

«ፊቱን ስትወስዱ ጀርባውን ለማን ትተዉታላችሁ?» አሉ።

ሃርግሬቭ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሌላ የሳቀ የለም።

በሚቀጥለው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የቆርቆሮ ሥጋ የተጠቀለለበት የጎደሬ ቅጠል ጠረጴዛው ላይ እያለ፣ ሎፔቲ ሳይበላ ቆሞ ቀረ።

«ምነው ቆምክ? ወንበሩ ነክሶሃል?»

«አክስቴ፣ እንቢ ካሉኝ እቀራለሁ።»

«ካልኩህስ ልብህ የት ይቀራል?»

የወንበሩን መደገፊያ ያዘና፣ «ራግቢን ጨርሼዋለሁ፣ አክስቴ» አለ። «ከፊቴ ምን እንደሚመጣ ሁልጊዜ አውቀዋለሁ። አዲስ ነገር አንድ ጊዜ ልሞክር።»

ይህ ልጅ አባቱ ከሞተ ጀምሮ ከእሳቸው ምንም ለምኖ አያውቅም። አንድ ቃል፣ እንቢ፣ ከአፋቸው ብትወጣ ነገሩ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይሞት ነበር። ጎረቤት ደግሞ አስቀድሞ ፈርዷል፤ ከከለከሉት ዴስ ገፋፍቷቸው ነው ሊባል ነው። እትዬ አናሴ ቅጠሉን ፈትተው ትልቁን ቁራጭ ሳህኑ ላይ አደረጉለት።

«ሂድ» አሉ። «ግን እኔም እመጣለሁ።»

ሜልቦርኖች ምን ቸገራቸው፤ ፊት ገዝተው አክስት ተመረቀላቸው። ፋሻ ጠቅላይና ሜዳ ውስጥ ውሃ አዳይ አድርገው ቀጠሯቸው። በማግስቱ እትዬ አናሴ ዴስ ሉካንዳ ሲገቡ አጥንት ብቻ ጠቅልሎ ሰጣቸው።

«ሥጋ የለም?»

«ሥጋውን ሜልቦርን ወስዶታል፣ እትዬ አናሴ።»

አጥንቱን ተቀብለው ሾርባ ሠሩበት፤ ግማሹን መልሰው ለዴስ ላኩለት። ሴትየዋ እንዲህ ናቸው።

የሎፔቲን ፊት ባቡር ጣቢያው ግድግዳ ላይ ለጠፉት፤ ቤት የሚያክል። እኔ በበኩሌ ያ ፖስተር ደስ ብሎኝ አያውቅም። ዝናብ ከኋላው እየገባ ሙጫውን ፈታው፤ ወረቀቱ ከማጅራቱ በኩል ይላቀቅ ጀመርና ነፋስ በመጣ ቁጥር ያ ግዙፍ ራስ ወደ ፊት ደፋ፣ ቀና፣ ደፋ፣ ቀና ይላል። ባቡር የሚጠብቀው ሰው እያየ ይስቃል። እትዬ አናሴ ግን በዚያ በኩል ማለፍ ትተው በድልድዩ ይዞሩ ነበር።

የመጀመሪያው ልምምድ ላይ የፈሩት ደረሰ። ሎፔቲ ኳስ ይዞ ሲሮጥ ከኋላው ኮቴ ሰማ። ሳይዞር፣ እንደለመደው፣ ኳሷን ወደ ኋላ ለቀቀ፤ የተቃራኒው ቡድን ልጅ እቅፍ ውስጥ። ልጁ አመስግኖ ጎል አገባ። አዲሶቹ ጓደኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፤ ሎፔቲም ሳቀ። ጥቂት ቆይቶ እንደገና ኮቴ ሰማ፣ እንደገና አልዞረም። ይሄኛው ትከሻውን አስገብቶ ከመሬት ሰፋው። ተነሥቶ ሣር ከአፉ እየተፋ አሁንም ሳቀ። እትዬ አናሴ የውሃ ጠርሙሱን አንቀው ይዘው ቆመዋል። በዓይናቸው የነበረው ሎፔቲ አልነበረም፤ መጋዘን ነበር።

ከዚያች ቀን ጀምሮ እርጥብ ፎጣ ከእጃቸው አልጠፋም። ሎፔቲ ፍሪጅ ከፍቶ ሲያጎነብስ፣ በፎጣው ጧ! ማጅራቱ ላይ።

«ማነው ከኋላህ?»

«እርስዎ ነዎት፣ አክስቴ።»

«ዘገየህ። ሞተሃል። ወተቱን አቀብለኝ።»

መኪና ሲከፍት፣ ጥርሱን ሲፍቅ፣ ጫማውን ሲያስር። «ከኋላህ!» ጧ! «እርስዎ ነዎት፣ አክስቴ።» በኋላ በኋላ ፎጣው አየር ላይ እያለ መዞር ቻለ። ከዚያ ፎጣው ሳይነሣ። ከዚያ ምንም ሳይኖርም ይዞር ጀመር። ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ላይ ሰው ሲያስል ይዞራል። ሱቅ ውስጥ የሳንቲም ድምፅ ሲሰማ ይዞራል። ሰፈሩ «ጉጉቱ» አለው። መዘምራኑ ከኋላው ሆነው ሆን ብለው ወረቀት ያንኮሻኩሹበትና አንገቱ ሲሽከረከር ዜማቸው በሳቅ ይበላሻል። ሰው ሲስቅ ሳለ፣ ልጁ በሩ በጀርባው በኩል ሆኖ መተኛት አቃተው። ፊቱ ከሳ። ፖስተሩ ላይ ያለው ሰውዬ ታላቅ ወንድሙ እንጂ እሱ አይመስልም ነበር።

አንድ ቀን ሰሃን እያጠበ፣ «አክስቴ» አላቸው፣ «ኋላዬን ተምሬዋለሁ። አሁን ግን ፊቴን ማየት እየረሳሁ ነው።»

«ፊትህንማ አውቀኸው ነው የተወለድከው» አሉት። ፎጣውን አንጠልጥለው ወጡ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ቀን ሰማያዊዎቹ ከሚባሉት ተራሮች በኩል ደረቅ ነፋስ ይነፍስ ነበር፤ ሜዳው ዳር የሚጠበሰው ቋሊማ ጭስ ወደ ላይ መውጣት አቅቶት ተመልካቹ ላይ ተኝቷል። ሰው ግን መጥቷል። ሃርግሬቭ እውነቱን ነበር፤ ፊቱ ሰው ጠርቷል። ዴስንም ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ ጥግ ላይ አገኘሁት።

«አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?» ስለው፣

«ጥላው ጥሩ ነው ሲሉ ሰምቼ ነው» አለኝ። ፀሐይ ላይ ነበር የተቀመጠው።

ሎፔቲ አልተዋረደም። ከኋላው ሲመጡበት ዞረ፣ አመለጠ። ደግመው መጡ፣ ዞረ፣ ሰውየው አየሩን አቅፎ ወደቀ። ሕዝቡ ማጨብጨብ ጀመረ። ዴስ እጁን ኪሱ ከትቶ ነበር፤ ቀስ ብሎ አወጣው። እትዬ አናሴ በጠርዙ በኩል ጠርሙሳቸውን ይዘው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻቸው ሲወርድ አየሁ።

በራግቢ ውሃ የሚገባው ጨዋታ ሲቆም ነው። እዚያ ግን ኳሱ ሜዳው ማዶ እያለ ውሃ አዳዩ ይገባል፤ ሜዳው ሰፊ ነው፣ ጊዜ አለ ብለው። ሎፔቲ መሃል ላይ ቆሞ ጉልበቱን ይዞ ሲያለከልክ እትዬ አናሴ አዩት። ኳሱ ሩቅ ነበር። ከኋላው ሮጠው ገቡ።

ኮቴ ሰማና ዞረ። እንደተማረው፣ ፈጥኖ፣ መላ ሰውነቱን ይዞ። የአባቱ እህት ናቸው፣ ውሃ ዘርግተውለታል።

ሌላ ተጫዋች ቢሆን ጠርሙሱን ነጥቆ፣ አፉ ውስጥ ረጭቶ፣ ይወረውረው ነበር። እሱ ግን የእኛ ልጅ ነው። በሁለት እጁ ተቀበለ። አንገቱን ሰበር አደረገ።

በዚያች ቅጽበት ማዶ ያለው ሰው ኳሱን ወደ ሰማይ ለጋው። ኳሷ ከፍ ብላ፣ ነፋሱ ይዟት፣ ወደ መሃል መጣች፤ ከሥሯ ሁለት ሰዎች ዓይናቸውን ሰማይ ላይ ሰክተው በሙሉ ጉልበታቸው ይሮጣሉ። ከፊት ነበር የሚመጡት፤ ልጁ ዕድሜ ልኩን ሲያየው ከኖረው በኩል። አሁን ግን ጀርባው ሆኗል። ሎፔቲ ፊቱ ወደ አክስቱ ነው። እትዬ አናሴ አዩአቸው። ስንት ወር ሲያሠለጥኑት የኖሩባት ቃል ከአፋቸው ወጣች፦

«ከኋላህ!»

ሎፔቲም አንገቱን ሳያቃና ፈገግ አለ።

«እርስዎ ነዎት፣ አክስቴ» አለ።

ሁለቱ ከኋላው ሲጋጩት የወጣውን ድምፅ ዴስና እኔ ካለንበት ሰምተነዋል። ስለ ድምፁ ከዚህ በላይ አልናገርም።

አልሞተም። ይሄዳል፣ ይበላል፣ ይቀልዳልም። አንገቱን ግን ሐኪሞች ብረት አስገብተው አሰሩለት፤ ግራም ቀኝም አይዞርም። የትኛውንም ኳስ ከእንግዲህ አይነካም። ሃርግሬቭ አበባ ይዞ መጥቶ ነበር፤ ጫማው ያን ቀን አላብረቀረቀም። ክለቡ እንደሆነ ቀጥሏል፣ የሰፈሩ ልጆችም ያቺን እንቁላል ሜዳ ለምደዋታል። ዴስ በየሳምንቱ ጥሩውን ሥጋ ራሱ ያመጣል፤ ደጃፍ ላይ አስቀምጦ ይመለሳል። ጥፋቱ የማን ነው የሚለውን እኛ ሰፈር ዛሬም አልጨረስነውም። እሳቸው ፊት ግን ማንም አያነሳውም።

እትዬ አናሴ ፋሻ መጠቅለል ትተዋል። ፎጣ እቤታቸው ውስጥ እንኳ የሚደርቀው ደጅ፣ ሎፔቲ ከማያይበት ነው። እሱ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ፊቱን ወደ መንገድ አድርጎ ይቀመጣል። የወጥ ቤቱ በር በጀርባው በኩል ሦስት እርምጃ ቢሆን ነው። እሳቸው ግን ሻይ ሲያመጡለት በዚያ አይወጡም፤ በጓሮ በኩል ይወጡና፣ የሎሚውን ዛፍ አልፈው፣ ቤቱን ዙረው፣ በአጥሩ በር በኩል ከፊቱ ይመጣሉ። ሻዩ ይቀዘቅዛል። ልጁ በሁለት እጁ ይቀበላል፤ አንገቱን ሰበር ማድረግ ስለማይችል ዓይኑን ዝቅ ያደርጋል።

አንዳንዴ እንግዳ ሳያውቅ በወጥ ቤቱ በር ይወጣል። ያኔ ሎፔቲ አይዞርም። ከንፈሩ ብቻ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ምን እንደሚል ሁላችንም እናውቃለን። እትዬ አናሴም ባሉበት ቆመው፣ እንግዳው ዙሮ ወደ ፊት እስኪመጣ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው ይጠብቃሉ።