የወንድሜ ባና

ገመድ ላይ ያሰጣሁትን ባና ዝናብ መታው። ከበግ ፀጉር የተሠራ ብርድ ልብስ ሲረጥብ የሚሸተው ሽታ አባዬን ከአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጋር ያመጣብኛል።

መሐል ሜዳ ከተማ ቤት ተከራይቼ ዘጠነኛ ክፍል እማር ነበር። አንድ ቅዳሜ ስንቅ ልወስድ አባዬ ቤት ስመለስ ሽማግሌዎች መደቡ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወንድሜ ከዘመተ ወዲህ ወሬውም መርዶውም አልመጣም፤ ጦርነቱ ካበቃ ግን ቆይቷል።

"እንግዲህ ለቅሶውን እንቀመጥ፤ ፍትሐትም ይደረግለት" አሉ አንደኛው።

አባዬ ወደ እኔ ዞረው፣ "ሰሞኑን ምን አስተማሯችሁ?" አሉኝ።

"ጊቭ አፕ የሚል ቃል።"

"ምን ማለት ነው?"

መምህሩ እንዳስጠኑን አነበነብኩት። "የለመዱትን ነገር መተው። መቀመጫን ለሌላ ሰው መልቀቅ። እጅ መስጠት። ተስፋ መቁረጥ።"

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬቱን አዩ።

"አንድ ቃል ይህን ሁሉ ይሸከማል?" አሉ አባዬ። ቀጥለውም፣ "ፀሐይ ሳለ የወንድምሽን ባና አውጥተሽ አስጪው፤ ብል እንዳይበላው" አሉኝ።

አወጣሁት። ሳሰጣው ሽማግሌዎቹ በአጠገቤ አልፈው ሄዱ። አላለቀስኩም።

አሁን እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ለዚያ ቃል ምሳሌ ሲጠይቁኝ ከመጽሐፉ አነብላቸዋለሁ። አባዬ አርፈዋል፤ ለእሳቸው ለቅሶ ተቀምጠናል። ባናውን ግን ዛሬም ቅዳሜ ቅዳሜ አሰጣዋለሁ።