የቅዳሜው ውኃ

እኔ የስለት ልጅ ነኝ። ከእኔ በፊት የተወለዱት ሦስቱ አልቆዩም። አባቴ ከሮብ ገበያ በላይ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ቆመው፣ «ይኼኛውን ካቆየህልኝ ያንተ አገልጋይ ይሆናል» ብለው ተሳሉ። ቆየሁ። እኔን የጠየቀኝ ግን የለም።

ለዲቁና ተብዬ ቄስ ትምህርት ገባሁ፤ ዳዊትም ደገምሁ። ልቤ ግን አስኳላው ላይ ነበር። ጥሩ ውጤት አምጥቼ ደብረ ማርቆስ ተማርሁ፣ እዚያው ቢሮ ተቀጠርሁ። አባቴ ስለቱን አንድ ቀን ብቻ አነሡብኝ፤ ያውም እየለመኑ። እኔ ደግሞ ገና ደመወዝ መብላት የጀመርሁ ጉረኛ፣ «አብርሃምም ይስሐቅን አማክሮ አልወሰደውም፤ እርስዎም እንደዚያው። የተሳሉት እርስዎ ነዎት፤ እርስዎ ይወጡት» አልኋቸው።

«እውነትህን ነው» ብለው ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ። ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። እንዲያውም፣ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል፣ ተገላገልሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ጠዋት ስደውል ስልክ አያነሡም። እኔ ደግሞ ቶሎ ይከፋኛል፤ «ስልኩን የገዛሁልዎት ለግድግዳ ጌጥ ነው እንዴ?» እላቸዋለሁ። ይሥቃሉ። ትከሻቸው ጠቁሮ ባየሁ ጊዜ፣ «ሞፈርና ቀንበር የተሸከምሁበት ነው» አሉኝ። አመንሁ። ማመኑ ይቀለኝ ነበርና።

ባለፈው ክረምት ጉልበታቸው እምቢ አለ። ሐኪም ላሳያቸው ማርቆስ፣ እኔ ቤት አመጣኋቸው። የአጥቢያችን ቄስ ሊጠይቋቸው መጥተው ኖሮ፣ ስሸኛቸው በር ላይ ቆም አሉና፣ «እንግዲህ ለቤተልሔሙ ውኃ የሚቀዳ ሌላ ሰው መፈለጋችን ነው» አሉኝ። ቤተልሔም የቁርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅበት ቤት ነው፤ ውኃውን የሚቀዱት ዲያቆናት ናቸው።

«ይኼ ከአባቴ ጋር ምን አገናኘው?» አልሁ።

ቄሱ ደነገጡ። «አልነገሩህም? ‹ልጄ ዲያቆን ሆኖ ቢሆን የሚቀዳውን እኔ ልቅዳ› ብለው ለመኑን። ይኸው ስንት ዓመት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምንጩ ተሸክመው በሩ ድረስ ያመጡልናል።»

በእኛ ዘንድ ውኃ መቅዳት የሴት ሥራ ነው። ያን ሁሉ ዓመት የሰፈሩ ወንዶች ሲሥቁባቸው ኖረዋል። እርስዎ ይወጡት ያልኋቸውን ቃሌን ይዘው፣ በዚያ ዕድሜያቸው ዳገቱን ወጡት። አብርሃም በተሰበከ ቁጥር እኔ የማዝነው ለይስሐቅ ነበር፤ በእሱ ፈንታ ስለተሰጠው በግ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

ሐኪሙ ጉልበታቸው ከእንግዲህ ሸክም አይችልም አለ። በማግስቱ ቅዳሜ ነበር። ማንንም ሳላማክር አገር ቤት ሄድሁና የአባቴን ጀሪካን ከምንጩ ሞልቼ ተሸከምሁ። ሦስት ጊዜ አረፍሁ። ሦስተኛው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ።

ማታውን ተመልሼ ውኃውን ማድረሴን ስነግራቸው፣ ከተኙበት ቀና ብለው አዩኝ።

«ከበደህ?» አሉ።

«ኧረ፣ ምንም አይል» አልሁ።

አልጋው ጫፍ ላይ ስቀመጥ እጃቸውን ሰደዱና፣ የትኛው እንደሆነ ሳልነግራቸው፣ የቆሰለውን ትከሻዬን ያሹልኝ ጀመር።