ሆዴ ይነዳል ያለችኝ ሴት

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ገብቼ፣ ካፖርቴን እንኳ ሳላወልቅ ወንበር ላይ እንደተዘረፈጥኩ፣ ልጄ የእንግሊዝኛ የቤት ሥራዋን ይዛ መጣች። «በርን»፣ ማቃጠል፣ የሚለውን ቃል በአምስት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች አስገቢ ተብላለች። እኔ በአማርኛ እጠይቃታለሁ፣ እሷ በስዊድንኛ ትመልስልኛለች፤ ቤታችን እንዲህ ነው። እሳት ያቃጥላል፣ ፀሐይ ያቃጥላል፣ ሚጥሚጣ ያቃጥላል አልን። «ሌላስ?» አለችኝ። ቫሳንቲ ትዝ አለችኝ።

ከእሷ ጋር ስንተዋወቅ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴን መያዜ ነው። የምኖረው በከተማው አንድ ጫፍ፣ ሃግሴትራ በሚባል ሰፈር፣ አክስቴ ቤት ነው። ሥራዬ ደግሞ ከከተማው ሌላኛ ጫፍ፣ ቬሊንግቢ አጠገብ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ውስጥ። ደግነቱ ባቡሩ ሳያስለውጥ እዚያው ያደርሳል። ስሄድ እተኛለሁ፣ ስመለስም እተኛለሁ። የዚያን ዓመት ኅዳር የማስታውሰው በመስኮቱ ላይ በሚወርደው ዝናብና አስፋልቱ ላይ ተለጥፎ በበሰበሰው ቅጠል ነው። ሰው በዚያ ዕድሜ ይደክማል ቢሉኝ አላምንም ነበር፤ ግን አጥንቴ ድረስ ይደክመኝ ነበር።

ቫሳንቲ አብራኝ ሳህን የምታጥብ ሴት ነበረች። አርባ ዓመት ገደማ ይሆናታል። ታሚል ናት፣ ከስሪላንካ ሰሜን፣ ጃፍና ከሚባል አገር የመጣች። የሁለታችንም ስዊድንኛ የተሰባበረ ስለነበር የምናወራው በእንግሊዝኛ ነው። በእንግሊዝኛ ደግሞ አንቺና እርስዎ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ በዕድሜ ብትበልጠኝም እንደ እኩያ ሆንን። ምሳዋ ሩዝና አቻር የሚሉት፣ በጨውና በበርበሬ የተዘፈዘፈ በጣም የሚኮመጥጥ ሎሚ ነው። እኔም የገና ጾም ገብቶ ስለነበር ድንችና ዳቦዬን ይዤ አጠገቧ እቀመጣለሁ።

አንድ ቀን እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ «ማይ ስቶማክ ኢዝ በርኒንግ»፣ ሆዴ ይቃጠላል፣ አለች። ኃላፊያችን ጉኒላ ሰማቻትና ከመሳቢያዋ የጨጓራ ክኒን አውጥታ ሰጠቻት። ቫሳንቲ አመስግና ክኒኑን ኪሷ ከተተችው። ነገሩን የነገረችኝ ልብስ መቀየሪያው ክፍል ስንገባ ነው። አገሯ ጦርነቱ እንደገና ተነስቶ፣ ወደ ጃፍና የሚወስደው መንገድ ተዘግቷል። ስልክ አይሠራም። የእናቷን ድምፅ ከሰማች ሦስት ወር አልፏታል።

«በእኛ ቋንቋ ቫይሩ ኤሪዩዱ እንላለን» አለችኝ። «ሆዴ ይነዳል ማለት ነው። ያዘነ ሰው ይለዋል። የሰው ማግኘት የሚያንገበግበውንም ሰው ሆዱ ይነዳል እንለዋለን። የተበደለ ሰው ሆዱ ከነደደ ደግሞ ለበዳዩ አይበጀውም። እንፈራዋለን።»

ደስ አለኝ ማለት ያሳፍራል፤ ግን ደስ አለኝ። እኛም እኮ አንጀቴ አረረ እንላለን፣ ሆዴን አቃጠለው እንላለን። በዚያ ሁሉም ነገር ባዕድ በሆነበት አገር ሳላስተረጉም የገባኝ የመጀመሪያው ነገር ይህ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቫሳንቲ አስተርጓሚ ራሴን አደረግሁ።

ከሳምንት በኋላ ጉኒላ ለብቻዬ ጠራችኝ። «ቫሳንቲ አሁንም ሆዴ ይቃጠላል ትላለች። ሐኪም ቤት ልላካት?»

«አያስፈልግም» አልኳት፤ በራሴ በጣም ተማምኜ። «በቋንቋቸው ሐዘን ማለት ነው። ስለ እናቷ እያሰበች ነው እንጂ አልታመመችም።»

ጉኒላ ራሷን ነቀነቀች። አመነችኝ።

ቫሳንቲ አቻሩን ተወች። ቀጥላ ሩዙን በእርጎ ብቻ መለወስ ጀመረች፣ በኋላ ያንኑም ሳትጨርስ ትደፋዋለች። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ፣ ያዘነ ሰው መቼ እህል ይወርድለታል እያልኩ በልቤ እመልስ ነበር። «በርኒንግ» ባለችኝ ቁጥር ጀርባዋን እያሻሸሁ «እናትሽ ደህና ናቸው፣ መንገዱ ይከፈታል» እላታለሁ። እሷም ወደ ሳህኖቿ ትመለሳለች።

አንድ ማለዳ የቁርስ ሳህን እየደረደርን ሳለ ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና አስመለሳት። ያስመለሳት ነገር የቡና አተላ ይመስላል። ጉኒላ ሮጣ ስልክ አነሳች፣ እኔ የቫሳንቲን ጭንቅላት ደግፌ ያዝኩ። አምቡላንሱ ሲወስዳት ጉኒላ ወደ እኔ ዞረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ጠይቄሽ ነበር እኮ» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም። የቀሩትን ሳህኖች ብቻዬን አጠብኩ።

ጨጓራዋ ቆስሎ ይደማ ነበር። ለወገቧ ሕመም የምትውጠውን ማስታገሻ ባዶ ሆዷን እየወሰደች ቆይታለች። ደም ሰጧት፤ ተረፈች። በሦስተኛው ቀን አክስቴ የሠራችውን የአጃ አጥሚት በፔርሙዝ ይዤ ሄድኩ። ሁለት ሦስት ጊዜ ተጎነጨችለት። ለጉኒላ ያልኩትን ሁሉ ነገርኳትና ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ ያደረውን ጠየቅኳት።

«በእኔ ሆድሽ ነዷል?»

ፔርሙዙን ወደ ጎን አደረገችው። «አልነደደም» አለች። «እኔስ የቱ እንደሆነ መች አወቅሁ? ሁለቱም የሚያመው እዚሁ ነው።»

ይህን ስትል እጇን ሆዷ ላይ ያሳረፈችበትን ቦታ እስካሁን አልረሳሁትም። ይቅር ያለችኝ ያን ጊዜ ነው፤ እኔ ግን ቀለል አላለኝም።

በየካቲት ስልኩ ተከፈተ። እናቷ በሕይወት ነበሩ። ስለ ሆስፒታሉ ነግራቸው እንደሆነ ብጠይቃት «ለምን ብዬ? የእሳቸውን ሆድ ደግሞ ላቃጥል?» አለችኝ። የዚህ አገር በጋ ሲገባ ለንደን ወንድሟ ጋ ሄደች። ጥቂት ጊዜ ተደዋወልን፤ ከዚያ እንደ ብዙው ነገር ተቋረጠ። በተስፋ መቁረጥ ሳይሆን በድካም ብቻ የሚቋረጥ ወዳጅነት አለ።

ይህን ሁሉ ለልጄ በአማርኛ ነገርኳት። እርሳሷን አስቀምጣ ሰማችኝ፤ እንደዚያ ከሰማችኝ ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር። ስጨርስ በስዊድንኛ ጠየቀችኝ፤ «ለምን እሷን ራሷን አልጠየቅሻትም? ሐዘን ነው ወይስ ሕመም ብለሽ?»

 ልጅ ነበርኩ ልላት አሰብኩ፣ ደክሞኝ ነበር ልላትም አሰብኩ፤ ሁለቱም እውነት ነው።

«የገባኝ መስሎኝ ነዋ» አልኳት።

ተነስቼ ካፖርቴን አወለቅሁ። እሷም ወደ ደብተሯ ተመለሰች።