«ቬጂቴሪያን ማለት የጾም»

የኮኮናት ዱቄት ፍል ውሃ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ አለ፤ ጣፋጭ፣ ትንሽ ሳሙና ሳሙና የሚል። አሁን በምሠራበት ሎጅ ወጥ ቤት አንድ ፓኬት በተከፈተ ቁጥር መስኮቱ አጠገብ ሄጄ፣ ሽታው እስኪያልፍ ድረስ ወደ ዓባያ ሐይቅ እያየሁ እቆማለሁ። ባልደረቦቼ አለርጂ ያለብኝ ይመስላቸዋል። አይደለም፣ አፍሬ ነው።

ሥራ ከማግኘቴ በፊት ሲቀላ ሰፈር ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ነበር። ምግብ ሥራ ያስተማረኝ ሰው የለም፤ ከስልኬ ነው የተማርኩት። የየአገሩን ሥጋ የሌለው ምግብ፣ ስንት ማንኪያ፣ ስንት ደቂቃ እያልኩ በደብተር እጽፍ ነበር። እንግሊዝኛውንም የለመድኩት በዚያው ነው፤ ያላወቅሁትን ቃል በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ ከነትርጉሙ አሰፍረዋለሁ። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ «ቬጂቴሪያን ማለት የጾም» ይላል። ሥጋ ከሌለው ሌላ ምን ሊሆን ይችላል ብዬ ነበር።

አከራዬ ከጨንቻ የወረዱ ባልቴት ነበሩ። የዚያ ዓመት ፍልሰታ ለእሳቸው እንደሌላው ጊዜ አልነበረም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ቆርበው አያውቁም፤ ነሐሴ አሥራ ስድስት ሊቆርቡ ከንስሐ አባታቸው ጋር ጨርሰው ነበር። ጉልበታቸውን አሟቸው ምድጃ ሥር መቆም ስላቃታቸው እኔ ላብስልልዎት አልኳቸው።

«ወንድ ያበሰለው በጉሮሮዬ ይወርዳል እንዴ?» አሉ።

ወረደላቸው። በዘጠኝ ሰዓት ከቅዳሴ ሲመለሱ፣ ዝናቡ ገና ከቆርቆሮው እየተንጠባጠበ፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን እያጠፉ «ዛሬስ የት አገር ነን?» ይሉኛል። አንድ ቀን ሊባኖስ ነበርን፤ ሽምብራው ተፈጭቶ፣ በሎሚና በሰሊጥ። የሜክሲኮውን ቦሎቄ ሲቀምሱ «ይሄ እኮ የእኛው የካምባ ቦሎቄ ነው፤ ሜክሲኮ ማን ወሰደው?» አሉ። ህንድ ስንደርስ ግን፣ ምስር ክክና የሽፈራው ቅጠል በኮኮናት ስሠራላቸው፣ ሳህኑን በጣታቸው ጠረጉት።

«እዚህ አገር እንቆይ» አሉ። አምስት ቀን ቆየን።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጠዋት የኮኮናቱን ፓኬት ጀርባ በደብተሬ ልገለብጥ ተቀመጥኩ። ፊቱ ላይ አረንጓዴ ምልክትና «ቬጂቴሪያን» የሚል ጽሑፍ ነበረበት፤ የገዛሁትም ያንን አይቼ ነው። ጀርባው ላይ በደቃቅ ፊደል የማላውቀው ቃል ነበር፦ ሶዲየም ኬዚኔት። ስልኬን ጠየቅሁ። ከላም ወተት የሚወጣ ነገር ነው። ቬጂቴሪያን ወተት ይጠጣል ወይ ብዬ ደግሞ ጠየቅሁ። አብዛኛው ይጠጣል።

ልነግራቸው ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ለቁርባን የሚለብሱትን ነጭ ቀሚስ እያጠቡ ነበር። ገና ሦስት ቀን አለ። ቢያውቁ ሄደው ለንስሐ አባታቸው ይነግራሉ፤ ቄሱም የሚሉትን ይላሉ። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር። አፌን ልከፍት ስል ቀደሙኝ።

«ዛሬም ህንድ ነን?»

«ኮኮናቱ አልቋል፣ እማማ። ሽሮ ነው።»

«ታዲያ ምነው ፊትህ ጠቆረ? ሽሮ የለቅሶ ቤት ምግብ ነው እንዴ?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ፓኬቱ ገና ግማሽ ነበር።

በአሥራ ስድስት ቆርበው ሲመለሱ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ነበር። መናገር ስለሌለባቸው በእጃቸው ጠሩኝና ጎንበስ ስልላቸው ራሴን ዳበሱኝ። መዳፋቸው ሞቃት ነበር።

ዛሬ የሚኖሩት ምዕራብ ዓባያ፣ ሴት ልጃቸው ጋ ነው። ባለፈው ፍልሰታ ልነግራቸው ቆርጬ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ የምለውን አሰናዳሁ፤ ሳላውቅ አበላሁዎት፣ ሳውቅ ደግሞ ዝም አልኩ። ከዚህ በላይ ማሳጠር አልቻልኩም።

ደርሼ ገና ሳልቀመጥ እጄን ይዘው ልጃቸውን ከጓዳ ጠሯት።

«ያ ጾሜን ያስፈጸመኝ ልጅ እሱ ነው» አሏት።

ልጃቸው እጇን በቀሚሷ አደራርቃ በሁለት እጇ ጨበጠችኝ።

«እግዜር ይስጥልን» አለች።

«አብሮ ይስጠን» አልኩ።