ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ የማውቀው በረዶ

ጦርነቱ ወደ ወልድያ እየተጠጋ በነበረበት ክረምት ነው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ እንዲሉ፣ ያን ቀን ያወጣሁት አንድ ቃል ዛሬም ዳመና ባየሁ ቁጥር ይቆረቁረኛል።

መርሳ ላይ ማንጎ እሸጣለሁ። አባቴ ኩላሊቱን ታሞ ደሙ በማሽን ይታጠብ ነበር። ጦርነቱ ሲቃረብ የሚታጠብበት ቦታ ተዘጋ። አንድ ሰው በግል አውሮፕላኑ ሕሙማንን ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ በነጻ እንደሚያደርስ ሰማን። ሚኒባስ ተኮናትረን፣ በውርጌሳ አድርገን ጠዋት ደረስን።

አብራሪው ሰማዩን አይቶ ራሱን ነቀነቀ።

«ዛሬ አይቻልም። ተራራው ላይ ያለው ዳመና ክንፉ ላይ በረዶ ይጋግርብናል። ይከብደንና እንወድቃለን። ትንሽ አውሮፕላን ናት፤ በረዶ የምታራግፍበት የላትም» አለኝ። ወደ አባቴ ጎንበስ ብሎም «አባቴ፣ ዛሬ እዚሁ ሆስፒታል ይደሩ። ነገ ማለዳ የመጀመሪያው ወንበር የእርስዎ ነው» አለው።

ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። እኔ የቆላ ሰው፣ በረዶ የማውቀው የለስላሳ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው።

«በዚህ ወበቅ የምን በረዶ ነው? ፈራሁ አትልም? ፈሪ!» አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እሱ ግን ስልክ ቁጥሬን ከሚኒባሱ ሾፌር ተቀበለ።

አባቴ «ተው ልጄ፣ ሥራውን እሱ ያውቃል፤ እንደር» ቢለኝም እልህ ይዞኛል። በዚያው ሚኒባስ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ቀጠልን።

ያ ዳመና ጣርማ በር ተራራ ላይ ጠበቀን። በረዶው የፊት መስታወቱን ደፈነው፤ መጥረጊያው ተይዞ ቀረ። ሾፌሩ «አንድ ክንድ አይታየኝም» ብሎ ዳር ይዞ ቆመ። ከፊትም ከኋላም መኪና ተሰለፈ።

አባቴ ጭኔ ላይ እንደተኛ መስታወቱን አየ። «ያ ሰው እውነቱን ኖሯል። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ በለው» አለኝ። መንገዱ ሳይከፈት ሸሃዳውን እያለ አረፈ።

በማግስቱ ጠዋት አስከሬኑን ይዘን ስንመለስ፣ ኮምቦልቻ ልንገባ ስንል ስልኬ ጮኸ።

«ሰማዩ ጠርቷል። የአባታችንን ወንበር ይዤ እየጠበቅኩ ነው፤ የት ናችሁ?»

ሞቷል ማለት አቃተኝ። ዘጋሁት። ብዙም ሳይቆይ ጦርነቱ መርሳ ደርሶ ሱቄም ስልኬም ተዘረፈ፤ ቁጥሩም አብሮ ሄደ።

አባቴ ያዘዘኝን የመጨረሻ መልእክት እስካሁን አላደረስኩም። ወንድሜ፣ ይህን ካነበብክ፣ ዝም ብለን የቀረነው አባቴ ሞቶብኝ ነው። አውፍ በለኝ።