አጭር ባዝራ ፍለጋ ሆለታ ድረስ

ከቀራንዮ የተነሣሁት በግንቦት ወር፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ አሮጌ ኮርቻዬን በጆንያ ጠቅልዬ ነው። ዘመኑ የጃንሆይ የመጨረሻ ዓመታት ነበር። ክረምት ሲገባ ከቀራንዮ ወዲያ ያለው አገር መኪና አያስገባም። የጉዞዬ ዓላማ ፈረስ መግዛት ነው፤ ያውም አጭር ፈረስ። አርባ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ቁመቴ አጭር፣ ክብደቴ ግን የሚያሳፍር። ሥራዬ አዋላጅ ነርስ ነው፤ የሰፈሩ ሰው ሲስተር በላይነሽ ይለኛል።

ለምን አጭር ፈረስ እንዳማረኝ ልንገራችሁ። ዓምና በሚያዝያ አንድ ረጅም ፈረስ ገዝቼ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት፣ እግሬን እርካብ ውስጥ አስገብቼ ልወጣ ስል ዞረብኝና ጣለኝ። የግራ ትከሻዬ አጥንት ተሰበረ። አጥንቱ ሲጠግን ፈረሱን ሸጥኩት፤ ፍርሃቱ ግን አልተሸጠልኝም።

በመስከረም ደግሞ ታናሽ እህቴ ሙሉ የመጀመሪያ ልጇን አማጠች። ሙሉ ያገባችው ወጨጫ ተራራ ግርጌ ካለ ገበሬ ነው፤ ከቤቴ በደረቅ ጊዜ በእግር ሦስት ሰዓት፣ በጭቃ አምስት ሰዓት ይፈጃል። ባሏ ገመቹ የጎረቤት ፈረስ ተውሶ ሊወስደኝ መጣ። እግሬን እርካቡ ላይ ሳደርግ ፈረሱ ፈቀቅ አለ፤ እግሬን መልሼ አወረድኩ። «በእግሬ እሄዳለሁ» አልኩ። አምስት ሰዓት ሙሉ ጭቃ ውስጥ ስንዳክር ያ ፈረስ ባዶውን ከጎናችን ይሄድ ነበር። ስደርስ ልጁ ሞቶ ነበር።

እህቴ ሙሉ አንድ ቀን እንኳ «ዘገየሽ» ብላኝ አታውቅም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። አሁን እንደገና እርጉዝ ናት፤ ወሯ የሚገባው በነሐሴ ነው፣ ጭቃው በሚብስበት ጊዜ። እንግዲህ ከነሐሴ በፊት ወይ ፈረስ ላይ እወጣለሁ፣ ወይ እህቴን ሌላ ሰው ያዋልዳት።

ኮልፌ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት

ጋሽ ተፈራ ኮልፌ ፌርማታ ላይ ቀድመውኝ ቆመዋል። ጎረቤቴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ፈረሰኛ ፖሊስ። ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመታቸው ነው፣ ቦት ጫማቸውን ግን ዛሬም እንደ ሰልፍ ቀን ይወለውሉታል። ፈረስ መጋለብ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ያን ረጅም ፈረስ የመረጡልኝም እሳቸው ናቸው፤ ይህን ግን ሁለታችንም አናነሣውም።

በሻይ አንዳንድ ቦምቦሊኖ በልተን አውቶቡስ ተሳፈርን። ሒሳቡ ለሰው አንድ ብር፣ ለኮርቻው ሃያ አምስት ሳንቲም። ረዳቱ ኮርቻው ወንበር እንዳልያዘ ብነግረውም አልሰማኝም። አስኮን፣ ቡራዩን አለፍን። ገፈርሳ ግድቡ ላይ ጉም ተኝቶ ነበር። ከዚያ በኋላ መናገሻ ድረስ ባሕር ዛፍ ብቻ ነው።

«ሲስተር፣ ይኼን የአጭር ፈረስ ነገር ተይው» አሉኝ ጋሽ ተፈራ። «በዚህ ሰውነትሽ አጭር ፈረስ ላይ ብትወጪ እግርሽ መንገድ ይጠርጋል።»

«ይጥረግ ጋሼ። ስወድቅ መሬቱ ቅርብ ይሆንልኛል።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ዓምና ሰው ምን ይላል ብዬ አይደል ትከሻዬ የተሰበረው?»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። አፌን ቶሎ አለመሰብሰቤ ቆጨኝ።

ሆለታ ገበያ፣ ሦስት ሰዓት

የፈረስ ተራው ከእህል ተራው ጀርባ፣ ወደ ወንዙ በሚወርደው ሜዳ ላይ ነው። ጋሽ ተፈራ ሥራቸውን ያውቃሉ፤ በዚህ አይታሙም። ከንፈሩን ገልጠው ጥርሱን አይተው ዕድሜውን ይናገራሉ። ጀርባው ላይ የኮርቻ ቁስል እንዳለ በመዳፋቸው ይዳስሳሉ። ኮቴውን አንሥተው በጣታቸው ያንኳኳሉ። ክፋቱ፣ ዓይናቸው የሚሄደው ሁልጊዜ ወደ ረጅሞቹ ነው። እኔ አገጬ ላይ የሚደርሰውን ሁሉ ትቼ ከደረቴ የማይበልጠውን እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ቡላ ፈረስ አገኘን። ሰማንያ ብር አሉን። ኮርቻዬን ጫንን፤ ጋሽ ተፈራ እንዳስተማሩኝ በግራው ቆሜ እግሬን አነሣሁ። ፈረሱ እርካቡን ገና ሳልነካ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሁለተኛው ደግሞ በቆመበት ሲሽከረከር የአንዲት ሸክላ ሻጭ እንስራ ሊረግጥ ጥቂት ቀረው። ሴትዮዋ ረገመችኝ፤ እውነቷን ነው። ጋሽ ተፈራ ሁለቱንም «አመለኞች ናቸው» ብለው አሰናበቷቸው።

ሦስተኛዋ ዳማ ባዝራ ናት፤ ሴት ፈረስ። ወንዶቹ ባዝራ ላይ መታየት ስለማይወዱ ሰው አልከበባትም። አጭር፣ ደረተ ሰፊ፣ ጀርባዋ ጠፍጣፋ። ዓይኗ የተረጋጋ ነው፤ ወደድኳት። በግራዋ ቆሜ እግሬን ሳነሣ ግን እሷም ጆሮዋን ወደ ኋላ አጥፋ ወደ ጎን ሸሸች። እንደገና ሞከርኩ፤ እንደገና ሸሸች። ያ የመስከረሙ ጭቃ ፊቴ ድቅን አለብኝ። «በቃ፣ እንሂድ ጋሼ። እኔ ለፈረስ አልተፈጠርኩም» አልኩ።

የባዝራዋ ባለቤት አቶ ቱሉ የሚባሉ ስልሳ የሚሞላቸው ገበሬ ናቸው። ዱላቸውን ተደግፈው ሲያዩን ቆይተው ጠየቁ።

«ይቅርታ ያርጉልኝና፣ በዚያ በኩል የሚወጡት ለምንድን ነው?»

«በየት በኩል ልውጣ ታዲያ?»

«በቀኝ ነዋ። እኛ አገር በቀኝ ነው የሚወጣው። እኔም አባቴም በቀኝ ነው የምንወጣው። ይቺ ፈረስ ከተወለደች በግራዋ የመጣባት ጅብ ብቻ ነው፤ ምን ታድርግ?»

ጋሽ ተፈራ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ፖሊስ ሠራዊት ውስጥ በግራ ነው። የሠለጠነ ፈረስ በግራ ነው የሚወጣበት።»

«ይቺ ፖሊስ አይደለችም» አሉ አቶ ቱሉ፣ ምንም ሳይስቁ።

በቀኟ ዞርኩ። በቀኝ እጄ ጋማዋን ያዝኩ፤ የተጎዳው ትከሻዬ አልተሳበም። ቀኝ እግሬን እርካቡ ላይ አደረግሁ፤ ትሸሻለች ብዬ ጠበቅሁ። ባዝራዋ ግን ቆማለች። ሣሯን እያኘከች ቆማለች። ራሴን ሳብ አድርጌ ወጣሁና ኮርቻው ላይ ተቀመጥኩ፤ አንዲት እርምጃ እንኳ አልተንቀሳቀሰችም። ከዓመት በላይ ደረቴ ላይ ተጭኖ የነበረው ነገር ተነሣልኝ። ገበያ መሐል፣ ፈረስ ላይ ተቀምጬ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አቶ ቱሉ ለቅሶዬን እንዳላዩ ሆነው ልጓሙን ላላ አድርጌ ወደ ወንዙ እንድወርድ ነገሩኝ። «እንዳይመሯት። እግሯን የት እንደምታሳርፍ እሷ ታውቃለች፤ እርስዎ ዝም ብለው ይዩ።» እውነትም ድንጋዩን እየመረጠች፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ እየተመለከተች ወረደች። ውሃው ውስጥ አላመነታችም። ስትመለስ በሶምሶማ ወጣች፤ አቶ ቱሉ አንድ ኩንታል ገብስ ተሸክማ ዳገት ትወጣለች ሲሉኝ አመንኩ።

ወርጄ ጋሽ ተፈራን ስፈልጋቸው ከእህል ተራው ጥግ ጆንያ ላይ ቁጭ ብለዋል። ቆባቸውን አውልቀዋል።

«ያ የዓምናው ፈረስ» አሉኝ፣ «የገበሬ ፈረስ ነበር። በግራ ውጪ ያልኩሽ እኔ ነኝ። ትከሻሽን የሰበርኩት እኔ ነኝ ማለት ነው።»

ተቆጥቻለሁ፤ አልዋሽም። የመስከረሙንም ፈረስ በግራ ነበር የቀረብኩት። ግን እኚህ ሰው ትከሻዬ ተሰብሮ ስተኛ ለአርባ ቀን ያህል ውሃ ከቧንቧ እያስቀዱ ቤቴ ድረስ ያመጡልኝ ሰው ናቸው።

«ጋሼ፣ እርስዎ የሚያውቁትን ነው ያስተማሩኝ። አሁን ይነሡና እርስዎም በቀኝ ይሞክሩ» አልኳቸው።

ተነሡ። ሠላሳ ዓመት የለመደ እግር ግን አልታዘዝ አላቸው። በቀኝ በኩል ቆመው ግራ እግራቸውን እርካቡ ላይ አደረጉና ዘለሉ፤ ፊታቸው ወደ ጭራዋ ሆኖ ተቀመጡ። ያች እንስራዋ ለጥቂት የተረፈላት ሸክላ ሻጭ ሳቋ ገበያውን ሞላው። ባዝራዋ ያኔም አልተንቀሳቀሰችም። ጋሽ ተፈራ እዚያው እንደተቀመጡ «ግዢያት፣ ይቺማ ጻድቅ ናት» አሉኝ።

መቶ ብር ተጠይቄ በሰማንያ አምስት ተስማማን። አቶ ቱሉ አንገቷን መታ መታ አድርገው በኦሮምኛ አንድ ነገር ነገሯት፤ ምን እንዳሉ አልጠየቅሁም። ለእኔ ያሉኝ «በሳምንት አንዴ አሞሌ ጨው ያስልሷት» ብቻ ነው። ለምሳ ጭኮ በእርጎ በልተን ሰባት ሰዓት ላይ ተነሣን።

መናገሻ

ጋሽ ተፈራ በአውቶቡስ እንዲመለሱ ብለምናቸው እምቢ አሉ። መናገሻ ድረስ ያለውን መንገድ ከጎኔ በእግራቸው ሄዱ። ዝም ብለው ሄዱ ብል ውሸት ነው፤ አቀማመጤን፣ ክርኔን፣ ተረከዜን እያረሙ ነው። ዳገት ላይ ወደ ፊት እንዳዘነብል፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ እንድል ነገሩኝ፤ ያ ሁሉ ለገበሬ ፈረስም ይሠራል። ባዝራዋ የጭነት መኪና ጡሩንባ ሲነፋባት ጆሮዋን ብቻ አዞረች። ከጨለማ በፊት መናገሻ ገባን። ቤርጎው ለአንድ ክፍል ሁለት ብር፣ ለፈረስ ማደሪያና ለሣር ሃምሳ ሳንቲም አስከፈለን። ሽሮው ቀጥኗል፤ ርቦን ስለነበር አልተከራከርንም።

በማግሥቱ የጋሽ ተፈራ ጉልበት አብጦ ስለነበር አውቶቡስ ተሳፈሩ። እኔ በወጨጫ ግርጌ በሚያልፈው የገበሬ መንገድ ብቻዬን ልሄድ ነው። አጠገቤ ማንም ሳይኖር፣ ልጓም የሚይዝልኝ ሳይኖር፣ በቀኝ ወጣሁ።

መንገዱ በገብስ ማሳዎች መሐል ነው፤ ማሳው ገና ታርሶ ጥቁር አፈር ብቻ ነበር። ሌሊት በዘነበው ካፊያ ጭቃው መጀመሩ ነው። አንድ በበቅሎ የሚመጣ ሽማግሌ ሰላምታ ከሰጡኝ በኋላ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «እመቤቴ፣ ማን ነው ማንን የተሸከመው?» አሉኝ።

«ተራ በተራ ነው» አልኳቸው።

ሙሉ ቤት፣ አራት ሰዓት

ሙሉ ጓሮዋ ውስጥ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። ሆዷ ገፍቷል። የኮቴ ድምፅ ሰምታ ቀና አለችና ጎመኑን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ወረድኩ። ሳመችኝ። ስለ ገበያው፣ ስለ ጋሽ ተፈራ፣ ስለ ቀኝና ግራው ነገር ስነግራት እየሰማችኝ አልነበረም፤ ዓይኗ ባዝራዋ ላይ ነው።

«እስቲ ደግመሽ ውጪ» አለችኝ።

ወጣሁ።

«ውረጂና እንደገና።»

ወረድኩ፤ ወጣሁ። ሦስተኛ ጊዜም አስደገመችኝ። እኔም ለምን አላልኳትም። ከዚያ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

«በመስከረም ገመቹ ነግሮኛል» አለች። «እግርሽን እርካቡ ላይ አድርገሽ እንደተመለስሽ። ልወቅስሽ አልፈለግሁም፤ ፈርተሽ ነው። ግን ይኼ ከተፀነሰ ጀምሮ ሌሊት ሌሊት ዓይኔ አይከደንም። ያ ፈረስ ባዶውን ሲመጣ ነው የሚታየኝ።»

ዘልዬ ወርጄ አቀፍኳት። «ይቅር በይኝ» አልኳት፤ ስምንት ወር ሙሉ ያላልኩት ቃል ነው። ጎመኑ መሐላችን ተጨፈለቀ። ሙሉ ፊቷን በነጠላዋ ጠራርጋ «እንግዲህ ዛሬ እተኛለሁ» አለችኝና ምሳ ልትሠራ ገባች።

ቀራንዮ

ሰባት ሰዓት ላይ ከሙሉ ደጅ ስነሣ ሰዓቴን አየሁ። ባዝራዋን አልገፋኋትም፤ ነሐሴ ላይም መገፋት አይኖርባትም። ሁለት ወንዝ ተሻገርን፣ አንድ ቦታ ጭቃው እስከ ጉልበቷ ያዛት፤ ቆም ብላ አሰበችና ዳር ዳሩን ይዛ ወጣች። መድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከታየኝ በኋላ ብዙም ሳንቆይ ከቤቴ ደጃፍ ደረስን። ጋሽ ተፈራ ባበጠ ጉልበታቸው ሣር ታቅፈው ይጠብቁኛል።

ስለ ፈረስ የተማርኩትን ለሚፈልግ ሰው ልንገር። ቁመት ለሠርግና ለሰልፍ ነው፤ ለጭቃና ለዳገት ሰፊ ደረት፣ አጭር እግር፣ የረጋ ዓይን ያለው ይሻላል። ከገበሬ ስትገዙ ከጥርሱ በፊት በየት በኩል እንደሚወጣበት ጠይቁ። ስለ ራሴ የተማርኩት ደግሞ ይከብዳል። ዓመት ሙሉ ፍርሃቴን ደብቄ «ፈረስ ተወደደ፣ ጊዜ አጣሁ» ስል ኖርኩ። ለአንድ ገበሬ፣ ለገመቹ እንኳ፣ «ልወጣ ስል ይሸሸኛል» ብዬ ብናገር ኖሮ፣ በዚያው ቀን «በቀኝ ዙሪ» ይለኝ ነበር። አንድ ቃል ነበረች። እሷን ሳስብ ያመኛል፤ ሕመሙም እንደማይለቀኝ አውቃለሁ።

ከባዝራዋ ወርጄ ሰዓቴን እንደገና ተመለከትኩ። ለመጀመሪያው ልጅ አልደረስኩም። ለነሐሴው ግን መንገዱ አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ነው።